የኋላ ሾክ አብዞርበር መቀየር፦ ለቆዩ ስቴሽን ዋገን መኪናዎች ባለቤቶች የተዘጋጀ መረጃ

ሾክ አብዞርበር በብዙዎች ዘንድ የምቾት ዕቃ ተደርጎ ይታያል። ዋና ሥራው ግን ጎማው ከመንገዱ እንዳይለይ ማድረግ በመሆኑ ከፍሬን፣ ከመሪና ከጎማ ጋር ሊመደብ የሚገባው የደህንነት አካል ነው። ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው ግን ጎማው መንገዱን የጨበጠበት ኃይል ነው። ጎማው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ለቅጽበት ወደ ላይ የሚዘል ከሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ፍሬኑ ምንም ያህል ደህና ቢሆን የሚያቆመው ነገር የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የቆዩ ስቴሽን ዋገን መኪናዎችን የኋላ ሾክ አብዞርበር ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በመንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ለተጨማሪ ዓመታት ማገልገላቸው የሚጠበቅ ነው። ከእነዚህም ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያስቆጠሩ፣ ቤተሰብንና ዕቃን በአንድ ላይ የሚያመላልሱ ስቴሽን ዋገኖች ይገኛሉ። እነዚህ መኪናዎች የሚጫኑት ከኋላ በመሆኑ የኋላ ሾክ አብዞርበራቸው ከሌሎች አውቶሞቢሎች ይልቅ ይደክማል፤ ሲደክምም የሚያስከትለው አደጋ ከፍ ያለ ነው።

ሾክ አብዞርበር ምን ይሠራል?

መኪናውን የሚሸከመው ሞላ ወይም ባሌስትራ ነው። ጎማው ከጉድጓድ ወይም ከፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ጋር ሲጋጭ ሞላው ይጨመቃል፣ ከዚያም ያጠራቀመውን ኃይል መልሶ ይለቃል። ሞላ ብቻውን ቢተው መኪናው ደጋግሞ ይነጥራል። ሾክ አብዞርበር ይህን ንጥረት የሚገታ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፒስተን በዘይት ውስጥ ሲመላለስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች ለማለፍ ይገደዳል፤ በዚህም የንዝረቱ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በኮረኮንች መንገድ ረጅም ርቀት ከተጓዙ በኋላ የሾክ አብዞርበሩ አካል የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። የመኪናው የኋላ ክፍል ዝቅ ብሎ ከቀረ ችግሩ በአብዛኛው የሞላው ወይም የባሌስትራው ነው። ተራ ሾክ አብዞርበር የመኪናውን ከፍታ አይወስንም። «ኋላው ወርዷልና ሾክ አብዞርበር ይቀየርልኝ» ብሎ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ባለንብረት ገንዘብ አውጥቶ መኪናውን እንደወረደ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ልዩ የሆነ አንድ ዓይነት መኖሩ ከዚህ በታች ተገልጿል።

የማርጀት ምልክቶች

የሾክ አብዞርበር ትልቁ ችግር በአንድ ቀን አለመሞቱ ነው። ቫልቮቹ በጥቂቱ ይበላሉ፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ማኅተሙ ይልና ዘይት ማውጣት ይጀምራል። አሽከርካሪውም ሳያውቀው ራሱን ከመኪናው ጋር ያለማምዳል፤ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ኩርባ ላይ ቀደም ብሎ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉብታ ሲያይ ይጠነቀቃል። መኪናውን ሌላ ሰው ተውሶ ሲነዳው ግን ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ አንድ ነገር ልክ አለመሆኑን ይናገራል። ስለዚህ የሌላ ሰው አስተያየት ጠቃሚ መመርመሪያ ነው።

በዓይን የሚታየው ዋና ምልክት በሾክ አብዞርበሩ አካል ላይ የሚወርድ ዘይት ነው። ቀጭን የዘይት እርጥበት በማኅተሙ አካባቢ መታየቱ ብቻውን የመበላሸት ማስረጃ አይደለም፤ ዘይቱ እስከ ታች ወርዶ አቧራ አንስቶ ጭቃ ከሠራ ግን ጊዜው አልፏል። የተጎበጠ ወይም የዛገ ዘንግ፣ የተሰነጠቀ የላስቲክ ቡሽ (በጋራዥ አጠራር ጎሚኒ) እና በማሠሪያው ዙሪያ የተበላ ብረት እንዲሁ መታየት አለባቸው። ከኋላ የሚሰማ «ኳ፣ ኳ» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሾክ አብዞርበሩ ውስጥ ሳይሆን ካለቀው ጎሚኒ ነው።

የጎማው ፊት ደግሞ በደንብ ይናገራል። ሾክ አብዞርበሩ የደከመ መኪና ጎማ እየነጠረ መንገዱን ስለሚመታ፣ የጎማው ዙሪያ በተወሰኑ ርቀቶች ጎድጎድ እያለ ይበላል። እጅን በጎማው ፊት ላይ ዙሪያውን በማሳለፍ ይህን ማወቅ ይቻላል።

የመኪናውን ጥግ በእጅ ተጭኖ መልቀቅና ስንት ጊዜ እንደሚነጥር መቁጠር የተለመደ ሙከራ ነው። ከአንድ ወይም ከአንድ ተኩል ንጥረት በኋላ ካልቆመ ሾክ አብዞርበሩ አብቅቷል። ነገር ግን ይህ ሙከራ የሚያጋልጠው ሙሉ በሙሉ የሞተውን ብቻ ነው። በግማሽ የደከመ ሾክ አብዞርበር የእጅ ግፊትን ይቋቋማል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የሚመጣውን ፈጣን ንዝረት ግን አይቋቋምም። ስለዚህ ሙከራውን ማለፍ ለመዘናጋት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

በተለምዶ ከ80,000 ኪሎ ሜትር በኋላ በጥንቃቄ መመርመር ይመከራል። በጠጠርና በኮረኮንች መንገድ ለሚሠራ፣ ፖርቶ መጋላ ተገጥሞለት ጭነት ለሚያመላልስ መኪና ይህ ርቀት ብዙ ነው።

በቁልቁለት ላይ የሚሆነው

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ፣ አምስት ሰውና የኋላ ሙሉ ዕቃ የጫነ ስቴሽን ዋገንን ማሰብ ይጠቅማል። አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ያጋድላል፤ የኋላ ጎማዎች ይቀልላሉ። ደህና ሾክ አብዞርበር የኋላው ክፍል በድንገት ወደ ላይ እንዳይነሣ ይገታል። የደከመው አይገታም፤ አስፋልቱ ወጣ ገባ በሆነበት ቦታ ጎማው ይዘላል፣ በዘለለበት ቅጽበት ይቆለፋል፣ መንገዱን መልሶ ሲነካ ይንሸራተታል። የቆዩ መኪናዎች አብዛኞቹ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ የላቸውም፤ ኤቢኤስ ያላቸውም ቢሆኑ ጎማው መሬት ካልነካ ሥርዓቱ የሚያግዛቸው ነገር ውስን ነው። ኩርባ ላይ ከሆነ የኋላው ክፍል ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል።

ጭነቱ ከኋላ አክስል ባሻገር ሲሆን ሌላ ችግር ይጨመራል። ኋላው ወደ ታች በሄደ ቁጥር ፊቱ ይቀልላል፣ መሪውም ይላላል። በማታ ደግሞ የፊት መብራቶቹ ወደ ላይ እየተነሡ ከፊት ለፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ያጥበረብራሉ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው የተሽከርካሪ የቴክኒክ ምርመራ መኪናው በምርመራው ዕለት ያለበትን ሁኔታ ያሳያል፤ ቦሎ ከተለጠፈ በኋላ ባሉት ወራት መኪናው ምን ላይ እንደሚገኝ የመከታተሉ ኃላፊነት የባለንብረቱና የአሽከርካሪው ነው።

ትክክለኛውን ዕቃ መምረጥ

በመለዋወጫ ግዢ ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት የስቴሽን ዋገኑንና የሴዳኑን ዕቃ አንድ አድርጎ መውሰድ ነው። የመኪናው ስም አንድ ቢሆንም የኋላ አሠራሩ ሊለያይ ይችላል። ፔጆ 504 ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው፤ አብዛኞቹ የ504 ሴዳኖች የኋላ ጎማዎቻቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ሲሆኑ፣ ስቴሽኑ ግን ወጥ የኋላ አክስልና በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ሞላ አለው። የአንዱ ሾክ አብዞርበር ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ዕቃ ሲጠየቅ የሞዴሉን ስም ብቻ ሳይሆን የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተመረተበትን ዓመትና ስቴሽን መሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል። አሮጌውን ፈትቶ ይዞ በመሄድ ርዝመቱንና የማሠሪያውን ዓይነት ማስተያየትም ይረዳል።

ልዩ የሆነው ዓይነት ኒቮማት የሚባለው ነው። በአንዳንድ የቆዩ የቮልቮ ስቴሽን ዋገኖች ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ መኪናው ሲጫን በመንገዱ ንዝረት ራሱን በራሱ እየነፋ የኋላውን ከፍታ የሚያስተካክል ሾክ አብዞርበር ነው። አካሉ ከተራው ወፈር ይላል። የክብደቱን ከፊል ስለሚሸከም አብሮት የሚገጠመው ሞላ ከተራው የላላ ነው። ኒቮማቱን አውጥቶ ተራ ሾክ አብዞርበር የሚገጥም ሰው ሞላውንም አብሮ ወደ ተራው ካልቀየረ፣ መኪናው በመጀመሪያው ጭነት ይተኛል። ኒቮማት ውድ በመሆኑ ብዙዎች ወደ ተራው መዞርን ይመርጣሉ፤ ምርጫው ስሕተት የለበትም፣ ሞላው እስካልተረሳ ድረስ።

ሾክ አብዞርበር ምንጊዜም በጥንድ፣ ከአንድ አምራችና ከአንድ ዓይነት ይቀየራል። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው በድንገተኛ ፍሬን ወይም በኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ያገለገለ ሾክ አብዞርበር መግዛት አይመከርም፤ ውስጡ ምን ያህል እንደቀረው ከውጭ አይታይምና። አሮጌውን በስቶ ዘይት ሞልቶ መበየድ ደግሞ ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባው ነው። ብዙ ሾክ አብዞርበሮች በግፊት የታመቀ ናይትሮጅን ጋዝ ስላለባቸው መብሳቱም ሆነ በእሳት ማሞቁ ሠራተኛውን ሊጎዳ ይችላል። ጉዳት ባይደርስ እንኳ የተሞላው ዘይት የተበላውን ቫልቭ አያድነውም።

አቀያየሩ

ከዚህ በታች የተገለጸው ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ለየብቻ ለተቀመጡባቸው መኪናዎች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1993 የተመረተው ቮልቮ 240 ስቴሽን ዋገን የዚህ ዓይነት ነው። ሾክ አብዞርበሩ ከላይ በጎማው ጎድጓዳ ውስጥ ከመኪናው አካል ጋር፣ ከታች ደግሞ አክስሉን ከያዘው ክንድ ጋር በአንድ አንድ ብሎን ይታሠራል። ሞላው በሾክ አብዞርበሩ ዙሪያ የተጠመጠመበት መኪና ባለቤት ግን ሥራውን በቤት መሞከር የለበትም። የታመቀ ሞላ ያለ ልዩ መሣሪያ ከተፈታ ሕይወት ሊያጠፋ በሚችል ኃይል ይፈናጠራል፤ ይህ የባለሙያና የጋራዥ ሥራ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከዋዜማው ነው። የቆየ መኪና ብሎኖች በዝገትና በጭቃ የተያዙ ስለሚሆኑ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት መርጨትና ማሳደር ብዙ ድካም ያድናል። በማግሥቱ መኪናው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል፤ የፊት ጎማዎች በሁለቱም በኩል በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳሉ። የእጅ ፍሬን በብዙ መኪናዎች የኋላ ጎማዎችን ብቻ የሚይዝ ስለሆነ ኋላው ሲነሣ አይረዳም። የጎማው ዳዶዎች መኪናው ሳይነሣ ላላ ይደረጋሉ። ከዚያም መኪናው በክሪክ ተነሥቶ አካሉ በአምራቹ በተመለከቱት ቦታዎች ላይ በሁለት የብረት መደገፊያ ስታንዶች ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ የተደራረበ ድንጋይና ብሎኬትም የስታንድ ምትክ አይደለም።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው። ወጥ አክስል ባላቸው መኪናዎች አክስሉ ከመጠን በላይ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚይዘው ሾክ አብዞርበሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብሎኑ ከመፈታቱ በፊት ሌላ ክሪክ ከአክስሉ ሥር ገብቶ በትንሹ ሊደግፈው ይገባል። ይህ ካልተደረገ አክስሉ በድንገት ወርዶ የፍሬን ቱቦውን ሊወጥር ወይም ሊበጥስ፣ በአንዳንድ መኪናዎች ላይም ሞላውን ከቦታው ሊያወጣ ይችላል። ክሪኩን ጥቂት ከፍና ዝቅ ማድረግ በብሎኑ ላይ ያለውን ጫና ስለሚያነሣ ብሎኑ በመዶሻ ሳይደበደብ በእጅ ይወጣል።

በአንዳንድ ስቴሽን ዋገኖች የላይኛው ማሠሪያ የሚገኘው ከጎማው በኩል ሳይሆን በዕቃ መጫኛው ወለል ምንጣፍ ሥር ወይም ከጎን መሸፈኛው ጀርባ ነው። የላይኛውን ዳዶ ፈልጎ ያጣ ሰው መኪናው ሥር ከመታገል በፊት ምንጣፉን ማንሣት ይኖርበታል።

አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ይመረጣል፤ ያልተፈታው ጎን የአሠራሩ መመልከቻ ሆኖ ይቆያል። አሮጌው ሲወጣ የብሎኑ ክር፣ የማሠሪያው ብረትና ሞላው ከፍተኛ ጭነት ሲመጣ የሚያርፍበት የላስቲክ ትራስ ይመረመራሉ። ላስቲኩ ተበጣጥሶ ካለቀ አዲሱ ሾክ አብዞርበር በእያንዳንዱ ጉድጓድ እስከ መጨረሻው እየተጨመቀ ዕድሜው ያጥራል። ዋጋው አነስተኛ ስለሆነ አብሮ መቀየሩ ይሻላል።

አዲሱ ሾክ አብዞርበር ተጋድሞ የቆየ ሊሆን ስለሚችል ከመገጠሙ በፊት በሚገጠምበት አቅጣጫ ቆሞ ጥቂት ጊዜ በሙሉ ርዝመቱ ተጨምቆ ይለቀቃል። በመጀመሪያው ግፊት ባዶ የሚመስል ክፍተት ሊኖር ይችላል፤ ይህም በዘይቱ መካከል የገባው አየር ነው። ከአራትና ከአምስት ጊዜ በኋላ ግፊቱ ወጥ ካልሆነ ዕቃው ወደ ሻጩ ሊመለስ ይገባል። ጋዝ ያለበት ዓይነት የታሠረበት ማሠሪያ ሲቆረጥ በራሱ ስለሚዘረጋ ፊትን ማራቅ ያስፈልጋል። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ መያዝ ክልክል ነው፤ በዘንጉ ላይ የምትቀር ትንሽ ጭረት ማኅተሙን በጥቂት ወራት ትቆርጠዋለች።

ብሎኖቹ በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ይገባሉ፤ ሙሉ በሙሉ የሚጠብቁት ጎማው ተመልሶ የመኪናው ክብደት በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጎሚኒው አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በዚያ ሁኔታም ሲሠራ በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። አዲስ ሾክ አብዞርበር ገጥመው ከጥቂት ወራት በኋላ ድምፅ የሚሰሙ ባለንብረቶች ዕቃውን ከመውቀሳቸው በፊት ይህን ሊጠይቁ ይገባል። የማጥበቂያው መጠን በአምራቹ መመሪያ ላይ የተጻፈው ሲሆን በቶርክ ሬንች ይለካል። ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ከተፈታ በኋላ በአዲስ ይተካል።

ከተቀየረ በኋላ

መኪናው ሳይጫን በዝቅተኛ ፍጥነት ተነድቶ ድምፅ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ከጥቂት ቀናት አገልግሎት በኋላ ብሎኖቹና የጎማ ዳዶዎቹ እንደገና ይፈተሻሉ። መኪናው ቀድሞ ከነበረው ጠንከር ያለ ሊመስል ይችላል፤ ይህ አሽከርካሪው ከአሮጌው ጋር ተላምዶ ስለነበር ነው። ቀድሞ ጎድጎድ እያለ የተበላ ጎማ ካለ ደግሞ የማጉረምረም ድምፁ አይጠፋም፤ ጎማው ራሱ እስኪቀየር ይቀጥላል። ወጥ አክስል ባላቸው መኪናዎች ሾክ አብዞርበር መቀየር የኋላ ጎማዎችን አቀማመጥ አይለውጥም። ሞላና ሾክ አብዞርበር በአንድ ላይ ባሉባቸው መኪናዎች ግን ከሥራው በኋላ የጎማ አላይመንት ሊለካ ይገባል።

ሾክ አብዞርበር መቀየሩ መኪናው የሚጫነውን ክብደት አይጨምርም። በመኪናው መታወቂያ ላይ የተመለከተው የመጫን አቅም እንዳለ ነው፤ ከባዱ ዕቃ ወደ ፊት፣ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጣል፣ በፖርቶ መጋላ ላይም ቀላሉ ብቻ ይወጣል።

የወጣው አሮጌ ሾክ አብዞርበር ዘይትና በብዙዎቹም የታመቀ ጋዝ ስላለበት ከቆሻሻ ጋር አይቃጠልም፣ አይበሳም፣ ዘይቱም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጎርፍ መውረጃ አይፈስም። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አኑሮ ያገለገለ ዘይትና ብረት ለሚሰበስቡ ማስረከብ ይገባል። የተቀየረበት ቀንና የኪሎ ሜትር ንባብ በመኪናው የጥገና ደብተር ላይ ቢመዘገብ ለቀጣዩ ፍተሻ መነሻ ይሆናል።